ባሌ የጣላቸው ቋንቋዎች

ባሌ ጠዋት ጥርሱን ሲያጥብ የሚያሰማውን ድምፅ አዲስ ሰው ቢሰማ ታሟል ብሎ ይደነግጣል። አልታመመም። ቃል እያጠና ነው። አፉ አረፋ እንደሞላ፣ አክታ እንደያዘው ሰው ጉሮሮውን እየጠረገ፣ መስተዋቱ ላይ ምራቁን እየረጨ፣ አንዲቱን ቃል ደጋግሞ ይላታል። ከዚያ አፉን በፎጣ ጠርጎ ወደ እኔ ዞር ይላል።

«እንዴት ነው? ወጣ?»

«ምኑ? አክታው?»

«ቀልጂ አንቺ! ይቺን ድምፅ ያወጣ ሰው ቋንቋውን በግማሽ ያዘው ማለት ነው።»

አሁን እየያዘው ያለው ወንዙ ላይ ድልድይ ሊሠሩ የመጡትን የመሐንዲሶቹን ቋንቋ ነው። ከሁሉም አብልጦ ያቅለሸለሸኝ ይሄኛው ነው። ምግብ ላይ እንኳ አይተወውም፤ ዳቦውን አላምጦ ሳይውጥ ቃሉን ይጀምረዋል፤ ፍርፋሪው ጠረጴዛው ላይ ይበተናል። ሳቁም ከቋንቋው ጋር አብሮ ይቀያየራል። በሾፌሮቹ ቋንቋ ሲስቅ ሆዱን ይዞ ነበር። በጨርቅ ነጋዴዎቹ ቋንቋ ሲስቅ በአፍንጫው ነበር። በመሐንዲሶቹ ጊዜ ደግሞ ጥርሱን ብቻ ያሳያል። የራሱ ሳቅ የትኛው ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ሚስቱ ሆኜ አላውቅም።

ሰፈሩ «አፈ ቅቤ» ይለዋል። እሱ እንደ ሙገሳ ነው የሚወስደው። አባባሉ እዚያ ላይ እንደማያበቃ፣ ቀጥሎ «ልበ ጩቤ» እንደሚል የማያውቅ ሰው የለም፤ ግን ማንም አይጨርስለትም። ምላጭ ከያዘ ሰው ጋር ማን ነገር ይፈልጋል?

ፀጉር ቆራጭ ነው። ቤታችን መንገድ ዳር ነው፤ የፊተኛው ክፍል ፀጉር ቤቱ ነው፣ ከመጋረጃው ወዲህ ያለው የኛ ነው። እኔ እዚያ መጋረጃ ሥር የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ስለዚህ የሚናገረውን ሁሉ፣ ፈለግሁም አልፈለግሁም፣ ስሰማ ነው የኖርኩት። ቋንቋ የሚማረው በመቀስ ነው። አስተማሪ ቀጥሮ፣ ደብተር ገዝቶ አያውቅም። አንድ ሰው አንዴ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠና ጨርቁ አንገቱ ላይ ከታሰረ ወዴት ይሄዳል? ግማሽ ራሱን ተላጭቶ፣ ግማሹን ትቶ አይሮጥ ነገር። ባሌ ያን ጊዜ ይጀምራል። የሰውየውን ጆሮ ነካ አድርጎ በምልክት «ይሄ ምን ይባላል?» ይላል። ከዚያ ምላጩን፣ ከዚያ መስተዋቱን፣ ከዚያ ደጅ የሚዘንበውን ዝናብ። ሰውየው ይነግረዋል፤ እሱ እያጣመመ ይደግማል፤ ሰውየው ይስቃል። በሌላ ጊዜ ሲመጣ በገዛ ቋንቋው «እናትህ ደህና ናቸው?» ብሎ ይቀበለዋል። አገሩን ጥሎ የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ ሆዱ ይባባል። ከዚያ ወዲያ ቢሞት ሌላ ፀጉር ቤት አይሄድም፤ ጓደኞቹንም እየጎተተ ያመጣል።

ጎረቤታችን ያለው ሥጋ ሻጭ፣ «የአንቺ ባል እኮ ዶሮ ልትስተካከል ብትመጣ፣ በዶሮ ቋንቋ ስለ እንቁላሎቿ ይጠይቃታል» ይለኛል። እኔም እስቃለሁ። ምን ላድርግ?

ቋንቋ ሲይዝ ያየው ሰው ሁሉ ያደንቀዋል። እኔ ያየሁት ሲጥል ነው። እዚህ ሰፈር ስንገባ ደንበኞቹ ድንጋይ ፈላጮች ነበሩ፤ ከሱ አገር የመጡ፣ የእናቱን ቋንቋ የሚናገሩ። ያን ጊዜ ፀጉር ቤቱ በዚያ ቋንቋ ብቻ ሲንጫጫ ነበር የሚውለው። የድንጋይ ማውጫው ሲዘጋ እነሱ ተበተኑና የጭነት መኪና ሾፌሮች መጡ። የሾፌሮቹን ቋንቋ በያዘ በዓመቱ ከአገሩ ሰው ጋር ሲገናኝ መንተባተብ ጀመረ። ቀጥሎ የጨርቅ ነጋዴዎቹ መጡ፤ የሾፌሮቹ ቋንቋ ደግሞ እንደ ጤዛ ጠፋ።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ሾፌር ምርኩዙን ይዞ መጣ። ድሮ በየሳምንቱ የሚመጣ ሰው ነው። ልጁ በሞተበት ጊዜ፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ባሌ በሰውየው ቋንቋ ሲያጽናናው፣ ሁለቱም ሲነፋረቁ በመጋረጃው ውስጥ ሰምቼ እኔም አልቅሻለሁ፤ አንድም ቃል ሳይገባኝ። ያን ቀን ባሌን ወድጄው ነበር፤ አልዋሽም። ሽማግሌው እጁን ዘርግቶ ገባ፣ ተቀመጠ፣ ብዙ አወራ። ድምፁ የናፈቀ ሰው ድምፅ ነበር። ባሌ መስተዋቱ ውስጥ ፈገግ እያለ፣ ራሱን ከፍ ዝቅ እያደረገ አዳመጠው። አንድ ቃል አልመለሰለትም። ከዚያ እጁን ሰደደና ሬዲዮኑን ከፈተው። ሽማግሌው ፀጉሩ አልቆ ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና ቀና ብሎ ከላይ የተጻፈውን አየ። ቤት የተሳሳተ መስሎት ነው መሰለኝ።

«ሰውየውን ረሳኸው?» አልኩት ስንበላ።

«እሱን እንኳ አልረሳሁትም። ቋንቋውን ነው።»

«አያሳዝንህም?»

ትከሻውን ሰበቀ። «ጭንቅላት መደርደሪያ ነው። አዲስ ዕቃ ሲመጣ የማይሸጠው ይወርዳል። ምን ያሳዝናል?»

ቋንቋ መርሳት ኃጢአት ነው አልልም። ያልተናገሩት ይጠፋል፤ የማንም አፍ ብረት አይደለም። ሰው ግን ሲጠፋበት ቢያንስ ይፈልጋል፣ ያፍራል፣ «ምን ነበር ያልነው?» ብሎ ግንባሩን ይመታል። ይሄ ሰው አንድ ቀን ግንባሩን ሲመታ አላየሁትም። ሬዲዮ ነው የሚከፍተው። የሚያስጠላኝም እሱ ነው።

እኔ ሁለት ቋንቋ ብቻ ነው የማውቀው፤ የተወለድኩበትንና ያገባሁትን። እንደተጋባን እሱ ሥራ ፍለጋ ሲዞር እኔን እናቱ ዘንድ ትቶኝ ሄደ። እኔ የከተማ ልጅ፣ እሷ ከመንደሯ ወጥታ የማታውቅ። የኔን ቋንቋ አታውቅም፣ የሷን አላውቅም፤ አንዲት ክፍል ውስጥ ተፋጠጥን። አንድ ቀን ድንች አነሣች፣ ስሙን ነገረችኝ፣ እጄ ላይ አስቀመጠችው። በትክክል እስክለው ድረስ ሁለተኛውን አልሰጠችኝም። በዚያ ቀን ምሳ የበላነው በመከራ ነው። ከድንች ወደ ቢላዋ፣ ከቢላዋ ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ሐሜት ተሻገርን። ስሳሳት እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች፤ ቂም የለብኝም፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። በኋላ አንዲት ጎረቤቷ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ስታማኝ፣ አትሰማም ብላ፣ በገዛ ቋንቋዋ መልሱን ሰጠኋት። ሴትየዋ የምትገባበት ጠፋት። አማቴ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን እየመታች ሳቀች። «ልጄ» ያለችኝ የዚያን ቀን ነው።

ታዲያ ባለፈው ክረምት ዝናቡ የቤቷን ጣራ ጣለው። መንደሩም ባዶ ሆኗል፤ ወጣቱ ወጥቶ አልቋል፣ ሽማግሌውም ወደየልጁ ተበታትኗል። ሄጄ አመጣኋት። ባሌ ከፀጉር ቤቱ ወጥቶ፣ ትከሻው ላይ የሰው ፀጉር ነስንሶ፣ አቀፋት። እሷ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ የናፍቆቷን ታወርደው ጀመር። እሱ ፈገግ አለ። ራሱን ከፍ ዝቅ አደረገ። ፈገግታውን አወቅሁት፤ ለሾፌሩ ያሳየው ነው። ቀፈፈኝ።

ዞር ብሎ፣ «ምን አለች?» አለኝ።

«ከስተሃል ነው ያለችህ።»

«ደህና ነኝ በያት።»

በቃ፣ እንዲህ ሆነ። ከማኅፀኗ በወጣ ልጅና በእናቱ መካከል እኔ፣ የሰው ልጅ፣ አስተርጓሚ ሆኜ ተቀመጥኩ። ማዕድ ላይ «ምን አለች?» «ጨው በዛበት አለች።» «ሌላ ጊዜ ይቀነሳል በያት።» አንዳንዴ እሷ ረጅም ነገር ታወራዋለች፤ ሕፃን ሳለ እንዴት በእሳት ሊቃጠል እንደነበር፣ አባቱ ምን ብሎ እንዳዳነው። እኔ ግማሹን ሳልተረጉምለት ተነሥቶ ይሄዳል፤ ደንበኛ መጥቷል። እሷ ዓረፍተ ነገሯን እንደያዘች ወደ መጋረጃው ታያለች።

መጀመሪያ የሚቀልድ መሰላት። ከዚያ የተቀየማት መሰላት። «ረስቶታል፣ እማማ» አልኳት አንድ ቀን።

«ምኑን?»

«ቋንቋውን።»

«ሂጂ ወዲያ! ሰው የገዛ አፉን ይረሳል? አልረሳም። አፍሮብኝ ነው።»

እንደዚያም ብላ አልጠላችውም። ጠዋት ጠዋት በርጩማዋን ወደ መጋረጃው አስጠግታ ትቀመጥና፣ ባሌ በዚያኛው በኩል ከመሐንዲሶቹ ጋር ሲንጣጣ ታዳምጣለች። «ይሄን ሁሉ የሚያወራው ልጄ ነው?» ትለኛለች። «እሱ ነው» እላታለሁ። «ጎበዝ!» ትላለች። አንድ ቃል ሳይገባት ፊቷ ያበራል። እኔ ጨርቁን በስፌት መኪናው ላይ ጥዬ መውጣት ያምረኛል።

መሐንዲሶቹ ፀጉር ከመቆረጣቸውም በፊት፣ ከተቆረጡም በኋላ ራሳቸውን መታጠብ ይፈልጋሉ። ያለዚያ አይሆንላቸውም። ባሌ አንድ ቀን ከንፈሩን እየላሰ መጣ፤ ወንበሩ ወደ ኋላ የሚተኛ፣ ገንዳው ከአንገት ሥር የሚገባ ራስ መታጠቢያ ሊያስገባ ነው። የውሃ ቧንቧው የሚያልፈው ደግሞ እናቱ በምትተኛበት ክፍል ግድግዳ ነው፤ ስለዚህ ገንዳው የሚተከለው እዚያ ነው። ሜትር ይዞ ገባና ለካ። እሷ አልጋዋ ላይ ተጋድማለች። እሱ በእግሮቿ ላይ ተንጠራርቶ ግድግዳውን ይለካል። አልጋዋን ሊያሳምርላት መስሏት እግሮቿን ሰብሰብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችለት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ይህን አየሁ። እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

«ከተማው ዳር የአረጋውያን መጦሪያ አለ» አለኝ ወዲያው። «ንጹሕ ነው አሉ። በቀን ሦስቴ ያበላሉ።»

«ማን ያናግራታል?»

«ሰው ሞልቷል እኮ እዚያ!»

«እኔ የምጠይቅህ በቋንቋዋ ማን ያናግራታል ነው።»

«ትለምዳለች።»

ሄጄ አየሁት። እውነቱን ነው፣ ንጹሕ ነው። ነርሷም ጨዋ ናት። አልጋ በአልጋ እየዞርኩ በአማቴ ቋንቋ ሰላምታ ሰጠሁ። የሚመልስልኝ ጠፋ። አንዷ አሮጊት እጄን ሳመችኝ፤ ምን እንዳልኳት ግን አልገባትም። ተመልሼ ባሌን ለመንኩት። የስፌት መኪናዬን አውጥቼ በረንዳ ላይ ልሰፋ፣ ገንዳውን የኔ ቦታ ላይ ትከለው አልኩት። «ቧንቧው በዚያ አያልፍም» አለ። ቧንቧ ይቀጠላል አልኩት። «አንቺ ስለ ቧንቧ ምን ታውቂያለሽ?» አለ። ጧሪ ቀባሪ ይሁነኝ ብላ ያሳደገችው ልጅ፣ ሄዶ መጦሪያው ቢሮ ፈርሞ መጣ። ሐሙስ መኪና ይመጣል ተባለ።

ከዚያ ደግሞ ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ «እንግዲህ አንቺ ንገሪያት፤ ቋንቋውን የምትችዪው አንቺ ነሽ» አይለኝ መሰላችሁ?

«አልነግራትም።»

«ታዲያ ማን ሊነግራት ነው?»

«የወለደችው ልጅ አንተ ነህ። በአፍህ ንገራት።»

«አልችልማ!»

«ሌላውን ሁሉ እንደተማርከው ተማራ! አስተማሪህ እዚያ ክፍል ተኝታልሃለች።»

አኩርፎኝ ሰነበተ። ጥሩ፣ ያኩርፍ አልኩ። በልቤ ግን፣ ቃሉን ፍለጋ አንዴ እናቱ ጎን ቢቀመጥ፣ አንድ ሁለት ቃል ቢያወጣ፣ ያኔ ራሱ ያፍራል፣ ነገሩም ይቀራል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። የዋህ ነኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ፀጉር ቤቱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ባሌ ገባና የእናቱን ክንድ ያዘ። ቀስ አድርጎ በመጋረጃው አሳለፋት። ወንበሩ ላይ አስቀመጣት። እግሯን እግር ማሳረፊያው ላይ አደረገላት። ነጩን ጨርቅ አንገቷ ላይ አሰረ። ይሄ ሰው ፊት ለፊት ሰው ማናገር አያውቅም፤ ዕድሜውን ሙሉ ያወራው ከሰው ጀርባ ቆሞ፣ በመስተዋት፣ እጁ እየሠራ ነው። ለእናቱም ያው ሆነ። የስፌት መኪናዬን አቆምኩና መጋረጃውን ገለጥ አደረግሁ።

ሻሿን ፈታላት። ነጭ ፀጉሯን ማበጠር ጀመረ። እጁ ለስላሳ ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም። ጫፍ ጫፉን ቆረጥ ቆረጥ አደረገላት። ከዚያ፣ እጁ ሲሠራ አፉ ተከፈተና፣ ድንጋይ ፈላጮቹን ሲቆርጥ የሚላቸው የነበረው ነገር መጣለት። በእናቱ ቋንቋ «ቀና በይ» አላት። «ዝቅ በይ» አላት። «ያምሻል?» አላት።

እማማ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ዓይኗን ጨፍና እንባዋ በጉንጯ ወረደ። «ልጄ፣ ልጄ፣ እጅህ ይባረክ» አለች። ከዚያ በመስተዋቱ ውስጥ እኔን ፈልጋ አገኘችኝ። «ሰማሽው? አልረሳም አላልኩሽም?»

እኔም አመንኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እኔም ለአንድ አፍታ አመንኩ።

ባሌ ማበጠሩን ሳያቋርጥ፣ ድምፁን ሳይለውጥ፣ በዚያው «ቀና በይ» ባለበት ለስላሳ ድምፅ፣ በኛ በከተሜዎቹ ቋንቋ እንዲህ አለ፦ «እማዬ፣ ሐሙስ መኪና ይመጣል። የሚወስዱሽ ጥሩ ቦታ ነው። ክፍሉን ለሥራ ፈልጌው ነው። አትቀየሚኝም አይደል?»

እማማ ከዚህ ሁሉ አንድም ቃል አልገባትም። የገባት ድምፁ ነው። ፈገግ እንዳለች ራሷን ነቀነቀችለት፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ጨርቁን ፈታ፣ አራገፈው፣ ደግፎ አስነሣት፣ ወደ ክፍሏ መለሳት። ተመልሶ መጥረጊያውን አነሣና ነጩን ፀጉሯን ከደንበኞቹ ጥቁር ፀጉር ጋር ጠርጎ ጥግ ሰበሰበው።

«ነገርኳት» አለኝ። «እሺ አለች።»

«በማታውቀው ቋንቋ!»

«በአፍህ ንገራት አልሽኝ። በአፌ ነገርኳት። ከዚህ በላይ ምን ልሁንልሽ?»

ያን ጊዜ የተሰማኝ ንዴት አይደለም። ንዴት ቢሆን እጮህ ነበር። ሾርባ ውስጥ ፀጉር ሲገኝ እንደሚሆነው ነው የሆንኩት። ያንን ለስላሳ እጁን አየሁና ስንት ዓመት በዚያ እጅ ተነክቻለሁ ብዬ ሰቀጠጠኝ።

ረቡዕ ጠዋት ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ሳትሰማ መኪናው ከሚመጣባት እኔ ልንገራት ብዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ራሷ ባስተማረችኝ ቃል ሁሉ፣ ሳልሸፋፍን፣ ነገርኳት። ክፍሉን፣ ቧንቧውን፣ መጦሪያውን፣ ሐሙስን። ለምኜው እንቢ እንዳለኝም ነገርኳት።

«ትዋሻለሽ» አለች።

«እማማ!»

«ትናንት ራሴን አበጠረኝ። በቋንቋዬ አናገረኝ። አንቺም አየሽ። እናቱን ሊያባርር ያሰበ ሰው ራሷን ያበጥራል?»

«አፌን ቁርጥ ያድርገው፣ እውነቴን ነው።»

«አንቺ ነሽ። አማት ሰለቸሽ። እስከ ዛሬም እሱ የሚለኝን እያጣመምሽ ስትነግሪኝ ኖረሽ ይሆናል፤ እኔ በምን አውቃለሁ?» በእጇ ወደ መጋረጃው ጠቆመች። «ጥሪው። በአፉ ይንገረኝ።»

ጠራሁት። ቶንዶሱን እንደያዘ መጣ፤ አንድ መሐንዲስ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ወንበሩ ላይ ይጠብቃል። መጋረጃው ሥር ቆመ። እማማ ቀና ብላ ጠየቀችው። እንደተለመደው ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አለች?»

«"የምታባርረኝ አንተ ነህ ወይስ ሚስትህ?" ነው የምትልህ። ንገራት። ቃሉ ከጠፋህ እነሆ፣ "እኔ ነኝ" የሚባለው እንዲህ ነው» ብዬ በእናቱ ቋንቋ አልኩለት። ቀስ ብዬ፣ ለሕፃን እንደሚባለው፣ ደግሜ አልኩለት። «እንዲህ ብቻ በላት። ሌላውን ለኔ ተወው።»

እናቱን አየ። እኔን አየ። ወደ ኋላው ዞሮ ወንበሩ ላይ ያለውን መሐንዲስ አየ። ከዚያ በቶንዶሱ ጫፍ ወደ እኔ ጠቆመና በእናቱ ቋንቋ፣

«እሷ ናት» አለ።

አልተንተባተበም። ቃሉን አልፈለገም። ከጉሮሮው ሥር ልክ እንደ መንደሩ ሰው፣ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ለፍቼ እንደሱ አድርጌ ማውጣት ባልቻልኩት ድምፅ አወጣው።

እማማ እጇን ዘርግታ የልጇን ጉንጭ ዳበሰችው። እንዲህ ያለች ሚስት ስለገጠመችው አዝናለት ነው። እሱ ራሱን ከፍ ዝቅ አድርጎ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ቶንዶሱ እንደገና መጮህ ጀመረ። እኔ የተናገርኩትን ሁሉ፣ ያለቀስኩትንም ሁሉ፣ እማማ ፊቷን አዙራ ሰማችው ወይም አልሰማችውም። ሐሙስ መኪናው ሲመጣ ጓዟን ልሸከምላት ስል ከእጄ ነጠቀችኝ።

አሁን ገንዳው ገብቷል። አልጋው የነበረበት ቦታ ላይ መሐንዲሶቹ ወደ ኋላ ተኝተው ዓይናቸውን ጨፍነው ይታጠባሉ። የሳሙናው ሽታ እስከ ስፌት መኪናዬ ይመጣል። ባሌ ጠዋት ጠዋት መስተዋቱ ላይ መትፋቱን ቀጥሏል፤ «ወጣ?» ሲለኝ መመለስ ትቻለሁ። ቋንቋ የጠፋኝ መስሎት ይሁን ወይስ ግድም ሳይሰጠው፣ አላውቅም፤ ሬዲዮኑን ይከፍታል።

እኔ በየሳምንቱ ለስላሳ ዳቦና ብርቱካን ይዤ መጦሪያው እሄዳለሁ። አልጋዋ መስኮት ሥር ነው። ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እኔም ጎኗ ቁጭ ብዬ በቋንቋዋ አወራታለሁ፤ ዝናቡን፣ ሥጋ ሻጩን፣ መንገዱን። ብርቱካኑን ልጬ እጇ ላይ አስቀምጣለሁ። አትበላውም፤ አትጥለውም።

ባለፈው ሳምንት አዲስ የገባች ነርስ በር ላይ ጠብቃ አገኘችኝ። እማማ ሌሊቱን ስታቃስት ማደሯን፣ የት እንዳመማት ማንም ሊያውቅ እንዳልቻለ ነገረችኝ። ገብቼ፣ አጎንብሼ፣ «እማማ፣ የት ላይ ነው የሚያምሽ?» አልኳት። ደግሜ ጠየቅኋት። ብርድ ልብሷን እስከ ጆሮዋ ሳበችው።

«ቋንቋዋን የምትችል ሴት ትመጣለች ብለውኝ ነበር እኮ» አለች ነርሷ።

«እችላለሁ» አልኳት።